ለጃርሶ መንገድ

በ2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ አምቦ ከተማ ከሁሉቃ ድልድይ ወዲህ ባለው ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ልጃቸው ድንቅቱ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፌቨን፣ ጎሚስታው ኦልጅራ፣ እንዲሁም ኦልጅራ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት የመጣው ጃርሶ።

ቤቱ ምግብ ቤት አይደለም፤ ታፔላም የለውም። ወይዘሮ አሰፋሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ በአካባቢው ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሠራተኞችን በኮንትራት ያበላሉ። የሚበላው ሳሎን ውስጥ ነው፤ የሚበስለው ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ማጀት ነው። ማጀቷ የድንቅቱ ናት።

ጃርሶ ከእጃጂ የመጣ ልጅ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ባለው ጎማ ቤት ከኦልጅራ ጋር ሊሠራ ገና መቀጠሩ ነበር። ረጅም ነው፤ ቁመቱን ግን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል። በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው በሩ ስላጠረ ብቻ አልነበረም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ድንቅቱ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማጀት ብቅ አለች።

«አዲሱ ሰው ስሙ ማነው?»

ጃርሶ እጁን አየ። በጥፍሮቹ ሥር የጎማ ጥቁረት ነበር። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«ጃርሶ ይባላል» አለ ኦልጅራ። «አፍ አለው፤ ግን ለዓመት በዓል ነው የሚያወጣው።»

«ምኞቱስ?»

ጃርሶ ቀና አለ። ቀልድ መሰለው።

«አትደንግጥ» አለችው ፌቨን እየሳቀች። «እዚህ ቤት ሳትመኝ አትበላም። ድንቅቱ በድስቱ ላይ ስም ትጠራለች። የኔ ዝውውር ነው፤ ነቀምት፣ እጮኛዬ ጋ። የኦልጅራ መንጃ ፈቃድ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ወደቅኩ» አለ ኦልጅራ። «የድስቱ ጥፋት አይደለም። ወደ ኋላ ንዳ ሲሉኝ ነው የምወድቀው።»

«የሱን ንገሩኝ እንጂ፤ ወጡ ሊያርብኝ ነው።»

ኦልጅራ ለጓደኛው መለሰለት። «መንገድ በዪለት። ጥሩ ሥራ እስኪያገኝ ነው አምቦ ያረፈው። አይደል እንዴ፣ ያ ጃርሶ?» አለ ወደሱ ዞሮ።

ጃርሶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን እውነት ነበር።

«ለጃርሶ መንገድ» አለች ድንቅቱ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው ቀስ ብላ። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ወይዘሮ አሰፋሽ እንጀራውን ትሪው ላይ እየዘረጉ አጉተመተሙ። «እሷን ዝም ብላችሁ ብሉ። ወጥ ወጥ ነው።»

ድንቅቱ የምታደርገው ይህን ነው። ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨው ትነሰንስበታለች። ማማሰያውን ወደ ቀኝ አንድ ዙር ታዞርና አንድ ስም ትጠራለች፤ ከስሙ ጋር አንድ ቃል። ለእያንዳንዱ በላተኛ አንድ ዙር። ከዚያ ድስቱን ትከድንና መዳፏን በክዳኑ ላይ ታሳርፋለች፤ ያተኮሰውን ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው።

ደንብም አለው። የሰው ምኞት በሌላ ሰው አይለወጥም። መለወጥ የፈለገ ራሱ ማጀት ይገባል፤ ማማሰያውን በራሱ እጅ ያዞራል፤ በራሱ አፍ ይናገራል። ፌቨን መጀመሪያ የደረጃ እድገት ነበር ያስጠራችው። ከታጨች በኋላ ከነነጭ ጋውኗ ማጀት ገብታ፣ አማስላ፣ ወደ ዝውውር ለወጠችው። ወንዶቹ ለውጠው አያውቁም። ወንድ ማጀት አይገባማ።

ጃርሶም የራሱ ልማድ ነበረው። አባቱ እጃጂ ባለችው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ሳይጸልዩ እንዳይበሉ አድርገው ነው ያሳደጉት። ትሪው ሲቀርብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ይጎርሳል። ጸሎቱ በመጀመሪያው ሰሞን አጭር ነበር።

*

አንድ ቀን በቆሎ የጫነ መኪና ኦልጅራን አስቀረውና ጃርሶ ብቻውን ለምሳ መጣ። ድንቅቱ በጆግ ውሃ አምጥታ እጁን ታስታጥበው ጀመር። ጥቁረቱ በሳሙና አልለቅ አለ። ጃርሶ ይበልጥ በፈተገው ቁጥር አንገቱ ይበልጥ ወደ ትከሻው ገባ።

ድንቅቱ ወደ ማጀት ሄዳ፣ የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ላይ ጨው ነስንሳ ይዛለት መጣች።

«በዚህ እሸው።»

አሸው። ጥቁረቱ ለቀቀ። ጃርሶ ጥፍሩን እንደ አዲስ ነገር ትክ ብሎ አየው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለ፣ ጆጉን እያየ።

«ጆጉ አይመልስልህም። እኔን ጠይቀኝ።»

«በድስቱ ላይ የምትዪው ነገር... አባቴ ቢሰማ ደስ አይለውም። ከሌላ ነገር ጋር ያገናኘዋል።»

«ጥንቆላ ነው እያልክ ነው?»

«አላልኩም።»

«አንተ መች ትላለህ!» ሳቀች። «ስማ ጃርሶ። አንተ ምግቡ ሲቀርብ ትጸልያለህ፤ እኔ ሲበስል እጸልያለሁ። ልዩነታችን እሳቱ ብቻ ነው። እንዲያውም ያንተ ዘግይቷል። ወጡ ከበሰለ በኋላ ምን ይገባዋል?»

ጃርሶ ሊስቅ አስቦ ፈገግታ ላይ ቆመ።

«ከማን ተማርሽው?»

ድንቅቱ ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ከእናቴ። አባቴ ሹፌር ነበር፤ በዚሁ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ ነቀምት። እናቴ በየቀኑ በድስቱ ላይ ስሙን ትጠራ ነበር። ‹ለቦጂያ መመለስ› ትል ነበር፤ እሱ በሌለበት ቀን እንኳ። አንድ ቀን ባኮ ከመድረሱ በፊት፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ድስት ላይ አትናገርም። ‹አንድም ቀን ሳላጎድል ጠርቼው ሞተብኝ› ትላለች።»

«አንቺስ ታዲያ ለምን...?»

«እኔ በሌላ በኩል ነው የማየው። የሞተው አንድ ቀን ነው። የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ ግን ስሙ ቤቱ ውስጥ እየተጠራ ነው የኖረው። ስሙን ማንም ሳይጠራው የሚበላ ስንት ሰው አለ?»

«እኔ ነበርኩ» አለ ጃርሶ።

የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። ፎጣውን መልሶ ሳይሰጣት ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ድንቅቱም ፎጣውን አልጠየቀችውም። ጆጉን አንስታ፣ ባዶ መሆኑን ረስታ፣ ሊቀዳ እንደሚፈልግ ሰው አጋድላ ቆመች።

ከዚያ ቀን በኋላ ጃርሶ እጁን ከጠረጴዛ ሥር አልደበቀም። ጸሎቱም መርዘም ጀመረ።

«ወንድሜ» ይለዋል ኦልጅራ ጎንተል አድርጎ፣ «ጌታ ሰምቷል። ወጡ ነው እየቀዘቀዘ ያለው።»

*

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ገባ።

ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ድንቅቱና ፌቨን ጾመኞች ናቸው። ጃርሶና ኦልጅራ አይጾሙም። ስለዚህ ማጀቷ ውስጥ ሁለት ድስት ተጣደ፤ አንዱ የሽሮ፣ አንዱ የፍስክ። ወይዘሮ አሰፋሽ በጾም ቤታቸው ቅቤ መሽተቱ አያስደስታቸውም ነበር፤ ግን ኮንትራት ኮንትራት ነው። ችግሩ የፍስኩ ድስት ላይ መጣ። ድንቅቱ ያንን ወጥ ትሠራዋለች እንጂ አትቀምሰውም። ሳይቀመስ ደግሞ ጨው አይታወቅም።

ጎማ ቤቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው። ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ቆማ የድስቱን ክዳን በማማሰያ መታች።

«ኮቱ! አንዳችሁ ኑ፣ ቅመሱልኝ!»

ኦልጅራ ከመኪና ሥር ነበር። ጃርሶ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ አስፋልቱን ተሻገረ።

ማጀት አልገባም። ከደፉ ውጭ ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። ድንቅቱ በማማሰያው ጫፍ ትንሽ ወጥ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለት። ላሰው። ወጡ ጨው በጨው ነበር። ቀና ሲል ፊቷን አየ፤ ግንባሯ ላይ ላብ፣ ጉንጯ ላይ የበርበሬ ጠቃጠቆ፣ ዓይኖቿ ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ።

«ጨው?»

«ጥሩ ነው» አለ።

በምሳ ሰዓት ኦልጅራ አንድ ጎርሶ ተነሣ። «ውሃ! ይሄ ወጥ ነው ወይስ የአፋር ጨው?»

በማግስቱ ድንቅቱ ጨው ቀነሰች፤ በጣም ቀነሰች። ክዳኑ ተመታ። መዳፉ ተዘረጋ።

«ጨው?»

«ጥሩ ነው።»

ኦልጅራ ጎርሶ ማኘኩን አቆመ። «ድንቅቱ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ማነው የቀመሰው?»

ጃርሶ እንጀራውን በጣም በጥንቃቄ ይጠቀልል ነበር።

«እሱ ነው! እኔ አውቄዋለሁ! ይሄ ሰው ድንጋይ ብታቀምሺው ‹ጥሩ ነው› ይልሻል። ሰው ቅር እንዳይለው በጨው የሚሞት ሰው!»

ወይዘሮ አሰፋሽ እንኳ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ድንቅቱ ግን ሌላ ቀማሽ አልጠራችም። ከዚያ ወዲህ አፉን ትታ ፊቱን ማንበብ ጀመረች። ጨው ሲበዛ ሁለት ጊዜ ይውጣል። ጨው ሲያንስ ደፉን ያያል። ልክ ሲሆን እሷን ያያል። ስለዚህ ልክ እስኪሆን ትጨምራለች ወይም ሽንኩርትና ውሃ ትደግማለች፤ እሱም «ጥሩ ነው» እያለ ይቆማል። አንዳንዴ ልክ ከሆነም በኋላ ሁለቱም የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም። ከማዶ ኦልጅራ «ጎማው ይጠብቃል!» ብሎ ሲጮህ ነው የሚለያዩት።

ጨውን ከፊቱ ማንበብ ቻለች። ሌላም ነገር ያነበበች ይመስላትና ራሷን ትቆጣለች። መንገድ ብሏል። ‹መንገድ› ያለውን ሰው ምን ብለው ያነቡታል?

*

መጋቢት ላይ የፌቨን ዝውውር መጣ። በዚያው ሰሞን ኦልጅራ ወደ ኋላ ነድቶ አለፈ፤ መንጃ ፈቃዱን ለሰፈር ሁሉ አሳየ። ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ቆመው ድንቅቱን «ለኔም ጥሪልኝ» ይሏት ጀመር።

«ተረኛው ጃርሶ ነው» አለ ኦልጅራ። «ጫማህን እሰር፤ መንገድህ እየበሰለ ነው።»

ፌቨን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ልትሰናበት ማጀት ገባች። ድንቅቱ እያማሰለች ነበር።

«ለጃርሶ መንገድ» አለች ድንቅቱ ለድስቱ። ማማሰያው መሃል ላይ ቆሞባት ነበርና ዙሩን ጨርሳ ቃሉን ደገመችው።

«ለምን አትተዪውም?» አለቻት ፌቨን። «አንድ ዙር ዝለዪ። ማን ያውቅብሻል?»

«ድስቱ ያውቃል።»

«ልጁ እኮ ይወድሻል።»

«ይናገራ! የሚፈልግ ከሆነ ‹ተዪው› ይበለኝ። ምኞቱ የሱ ነው፤ አደራ ነው ያስቀመጠብኝ። ስለወደድኩት በመንገዱ ላይ ድንጋይ አላስቀምጥም።» ጨው ያለበትን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «መንገድ አባቴን ወስዶብኛል፣ ታውቂያለሽ። በየቀኑ ይሄንን ቃል ስል ምን እንደሚሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ፌቨን አቅፋ ሳመቻትና ሄደች።

ጃርሶም ይሰማ ነበር፤ ይህንን ጭውውት ግን አይደለም። እሱ የሚሰማው ክዳኑ ሳይመታ ቀደም ብሎ በመጣባቸው ቀናት፣ ከደፉ ውጭ ቆሞ ጆሮው የሚገባውን ነው። ለጃርሶ መንገድ። ለጃርሶ መንገድ። የተነፈሰ ጎማ ይዞ ቀዳዳውን በጆሮው የሚፈልግ ሰው ነውና ትንሽ ድምፅ አያመልጠውም። ቃሏ እንደሚንቀጠቀጥ ሰምቷል። ግን እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ብትፈልገኝ ኖሮ አንድ ቀን ትተወው ነበር።

እንዲህ ነበር የሆነው። አንዱ ከደፉ ውጭ፣ አንዷ ከደፉ ውስጥ፣ ሁለቱም የሌላውን ቃል ይጠብቃሉ።

*

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት ኦቦ ጋሮማ የሚባሉ ሰው አይሱዙአቸውን ጎማ ቤቱ ፊት አቆሙ። ከባኮ በቆሎ እየጫኑ አዲስ አበባ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። ጃርሶ ቸርኬውን ፈትቶ ሲገጥም ቆመው አዩት። ሥራው አማራቸው።

«ልጄ፣ ባኮ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ቤት ከፍቻለሁ» አሉት። «ኃላፊ እፈልጋለሁ። ማደሪያ አለው፤ ደመወዙም ከዚህ ይሻላል። ምን ትላለህ?»

ጃርሶ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን ቤት አየ። በሩ ክፍት ነበር።

«ዝምታህን እሺታ ብዬ ልያዘው?»

ጃርሶ ዝም አለ። ዝምታው እሺታ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ ሊወስዱት ተቃጠሩ።

ወሬውን ምሳ ላይ ያወጣው ኦልጅራ ነው። ድንቅቱ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር።

«ባኮ!» አለ ኦልጅራ። «ያንን ሙቀት እንዴት ልትችለው ነው? እዚያ ወጥ ከመጣዱ በፊት ይፈላል!»

«እንኳን ደስ አለህ» አለች ድንቅቱ። ፈገግታዋ ለፊቷ ሰፋባት። «ሠራ ማለት ነው። መንገዱ ተከፈተ።»

«አዎ» አለ ጃርሶ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከዚያ ለጸሎት ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን በጣም ቆየ። ኦልጅራ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ፣ የጃርሶን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

*

ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አሰፋሽ ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ አስረው ሳሎን ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ይልጡ ነበር። ድንቅቱ ማጀት ሆና የፋሲካውን ዶሮ ትሠራለች።

አይሱዙው ከተቀጠረው ቀን ቀድሞ መጣ። ከአዲስ አበባ ሲመለስ የኋላ ጎማው ተንፍሶ እየተጎተተ ጎማ ቤቱ ፊት ቆመ። ኦቦ ጋሮማ ከጋቢናው ወረዱ።

«ልጄ፣ ሻንጣህን አምጣ፤ በዓሉን ባኮ እንውላለን። የበዓል መኪና መንገዱን ሞልቶታል፣ ጎማ ቤቱ ደግሞ ሰው የለውም።»

«ማክሰኞ አልነበር እንዴ?» አለ ኦልጅራ።

«ማክሰኞም ዛሬም መንገዱ ያው ነው። ጎማዬን ቀይሩልኝና እንሂድ።»

ጃርሶ የብሎን መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። በዚያን ጊዜ ከማዶ የድስት ክዳን ተመታ።

ኦልጅራ መፍቻውን ከእጁ ወሰደለት። «ሂድ። እኔ እቀይረዋለሁ።» ቀጥሎም ኦቦ ጋሮማ እንዳይሰሙት ዝቅ ብሎ፣ «ክሪኩን በጣም ቀስ ብዬ ነው የማነሣው» አለው።

ድንቅቱ ደፉ ጋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሽንኩርቱ ነው» አለችው፣ ሳይጠይቃት።

«እሺ።»

«መኪናው መጣ አይደል? ከዚህ አየሁት።»

«መጣ።»

«እንግዲህ የመጨረሻው ቅምሻ ነው። ይሄ የኮንትራት ወጥ አይደለም፤ የበዓል ነው። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ጾማ የምትፈታበት ነው። ስለዚህ ዛሬ እውነቱን ንገረኝ። ፊትህን አላይም።»

መዳፉ ላይ ጠብ አደረገችለትና ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ድስቱ ዞረች።

ጃርሶ ላሰው። ፊቱን የሚያነብለት ሰው አልነበረም። ጀርባዋን አየ፤ ትከሻዋን፣ በሻሽ የታሰረ ፀጉሯን፣ ማማሰያውን አጥብቆ የያዘውን እጇን። ከማዶ የብሎን ድምፅ ይሰማል።

«ጨው?» አለች፣ ሳትዞር።

መዳፉን እንደገና ላሰ።

«ጃርሶ፣ ጨው?»

«ይጎድለዋል።»

ማማሰያው ቆመ።

«ብዙ?»

«ብዙ ነው የሚጎድለው። ሌላም የሚጎድል አለ።»

«በርበሬ?»

ጃርሶ ጎንበስ ብሎ ደፉን አለፈ። ቆሞ የማያውቅበት ወለል ላይ ቆመ። ማጀቷ ጠባብ ነበረች፤ ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምን ሆንክ? ወንድ ልጅ ማጀት...»

«ማማሰያውን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ጨው አንስቶ ነሰነሰ። ማማሰያውን ማዞር ጀመረ።

«ወደ ግራ ነው ያዞርከው» አለች በሹክሹክታ። «በቀኝ።»

በቀኝ አዞረው። አንድ የዶሮ እግር ከድስቱ ሊወጣ ሲል ድንቅቱ በጣቷ መለሰችው።

«ለጃርሶ...» አለና ድምፁ ተቋረጠ።

ውጭ አይሱዙው ክላክስ አደረገ።

«ለጃርሶ?» አለች ድንቅቱ። ቃሉን ልታግዘው አልቻለችም፤ ደንቡ አይፈቅድም።

«ለጃርሶ ድንቅቱ።»

ድንቅቱ ክዳኑን በደረቷ ታቅፋ ቆማ ነበር።

«ዛሬ ነው ያሰብከው?» አለች በመጨረሻ።

«ከሎሚው ቀን ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ በየቀኑ መንገድ ትዪኝ ነበር። ብትፈልጊኝ ትተዪው ነበር ብዬ...»

«አንተ ነህ መንገድ ያልከው! አደራህን ነው የጠበቅኩልህ! እያለቀስኩ ነው እኮ ያማሰልኩት!»

«ሽንኩርቱ ነው አልሽኝ።»

«አንተ ነህ ሽንኩርቱ!»

ጃርሶ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ድንቅቱ ሰምታው አታውቅም ነበር። ከዚያ ዝቅ አለና፣ «እኔም ሳሎን ሆኜ ሌላ ነገር እለምን ነበር» አላት። «ዓይኔን ስጨፍን ‹ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ቤት አታርቀኝ› ነበር የምለው። በየቀኑ። ለዚህ ነው ወጡ የሚቀዘቅዝብኝ።»

ድንቅቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ እዚህ ሆኜ ‹ውሰደው›፣ አንተ እዚያ ሆነህ ‹አታርቀኝ›! በአንድ ወጥ ላይ! እግዚአብሔር ግራ ቢገባው ነዋ የሰውየውን ጎማ ያስተነፈሰው!»

«ክደኑት እንጂ!» የወይዘሮ አሰፋሽ ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ሁለት ወር የጾምኩበት ዶሮ በፍቅር ሊያርብኝ ነው እንዴ?»

ሁለቱም ደነገጡ። ድንቅቱ ክዳኑን ከደነች። መዳፏን አሳረፈችበት። ጃርሶ መዳፏ ላይ የራሱን መዳፍ አሳረፈ።

«አዴ አሰፋሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ጃርሶ በሩ ላይ ቆሞ። «ሳይፈቀድልኝ ማጀት ገባሁ።»

ወይዘሮ አሰፋሽ ከእንቁላሉ ቀና አሉ። ቄጤማው ግንባራቸው ላይ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«አባቷም ገብቶ ያውቅ ነበር» አሉ። «ሂድ፤ ያንን ሰውዬ አታስጠብቀው።»

ጃርሶ አስፋልቱን ተሻገረ። ኦልጅራ የመጨረሻውን ብሎን ሦስተኛ ጊዜ እያጠበቀ ነበር።

«ኦቦ ጋሮማ፣ ይቅርታ» አለ ጃርሶ፤ ድምፁ ተሰማ። «እሺ ያልኩ መስሎዎታል። ያልኩት ግን ምንም አልነበረም። አልሄድም።»

ኦቦ ጋሮማ መዳፉን አዩ፤ በወጥ ቀልቷል። ከማዶ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ አዩ።

«ቀድመህ ብትናገር ምን ነበር፣ ልጄ?»

«ምን ነበር» አለ ጃርሶም።

«እኔስ አሁን ባዶ እጄን ልግባ?»

ኦልጅራ ከጎማው ሥር ተነሣ። ልብሱን አራገፈ። «ያ መንገድ እኮ እኔም በምበላበት ድስት ነው የበሰለው፤ ሦስት ወር ሙሉ አብሬ በልቻለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ።»

«ወደ ኋላ ግን ይከብደዋል» አለ ጃርሶ።

«ባኮ ወደ ፊት ነው!» አለ ኦልጅራ።

ኦልጅራ በዚያው ቀን ከኦቦ ጋሮማ ጋር ባኮ ሄደ፤ እስካሁን እዚያው ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የጃርሶ አባት ሽማግሌዎች ይዘው ከእጃጂ መጡ፤ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሳይስማሙ ተመለሱና በክረምቱ ማብቂያ ዳግመኛ መጥተው ተስማሙ። ጃርሶና ድንቅቱ በጥር 2012 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። በጾም ወራት የፍስኩን ድስት ጨው የሚቀምሰው ጃርሶ ነው።